ማናለኝ የወደቀበት ገደል

በእኛ ጊዜ ውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ ሳይሆን ለጎረቤት ነበር። ከድንበርተኛው ጋር የተኳረፈ ሰው ውሻውን «ይየው» ይለዋል፤ ከዚያ ጠዋት ማታ ደጁ ላይ ቆሞ በተጣራ ቁጥር ነገሩ ለሚመለከተው ሰው ይደርሳል። እኩዮቼ ይህን ያስታውሳሉ። አባቴም ውሻችንን «ማናለኝ» ብሎ ሰየመው። የእናቴ ወንድሞች ሰምተው ቅር አላቸው፤ እኛ እያለንለት ምን ማለቱ ነው አሉ። አባቴ ሳቀ እንጂ ስሙን አልቀየረም።

አባቴ ስዩም የከተማችን የራቤል ሰው አልነበረም። ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ አካባቢ፣ የስፌት መኪናውን በበቅሎ ጭኖ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴን ቀየት ከምትባል አገሯ አግብቶ፣ ሁለቱም ዘመድ በሌላቸው በራቤል ጎጆ ወጡ። ቡችላውን ከገበያ ያመጣው በካፖርቱ ኪስ ከትቶ ነበር። የዚያ ካፖርት ሽታ አሁንም አይጠፋኝም፤ የመኪና ዘይት፣ አዲስ አቡጀዲ፣ ያን ቀን ደግሞ የቡችላ ሽንት ተጨምሮበት። እጅሽን ክተቺ አለኝ። ከረሜላ መስሎኝ ስከት አንድ እርጥብ አፍንጫ ነካኝ። ያን ቀን እንደሳቅሁት አድርጌ ከዚያ በኋላ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከቤታችን ጀርባ ትንሽ የገብስ ማሳ ነበረን። ከማሳው ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ገደል ነው። በበጋ እዚያ ዳር የቆመ ሰው ቆላውን ቁልቁል ያየዋል፤ ክረምት ሲሆን ግን ቆላው ጉም ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት ከእግራችን በታች የነበረው ነጭ ነገር ከሰዓት በኋላ ደጃችን ይደርሳል። እርጥብ ድንጋይና የበሰበሰ የጓሳ ሣር ይሸታል። ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ሲደርስብን መሬት ላይ ያሰመርነው መስመር ይጠፋል፣ ቀጥሎ የጓደኞቼ እግር ይጠፋል፣ በመጨረሻም ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ትልልቆቹ ያኔ ወደ ቤት ይጠሩናል። አንድ ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። ከገደሉ ወገን ስምሽን የጠራ እንደሆነ አቤት እንዳትይ ይሉናል። ገደሉ ሰው ይጣራል ተብሎ ይታመን ነበር። የሚጣራው ምን እንደሆነ ግን የሚናገር የለም፤ ስናነሳው እንኳ ያማትባሉ።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ስትቃረብ ክረምት ገብቶ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እኔን አስከትላ ለአራስነት እናቷ ዘንድ ቀየት ሄደች። አባቴ ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ልብስ በዝቶበት ማናለኝን ይዞ ቀረ። ለክርስትናው እደርሳለሁ፣ የልጄን ልብስ ራሴ ሰፍቼ አመጣለሁ አለ።

የክርስትናው ዕለት እናቴ ነጭ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ አረፈደች። ቄሱ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ሰዓቱ ሄደ አሉ። ሕፃኑ በተውሶ ልብስ ክርስትና ተነሣ። ስትመለስ እናቴ አላለቀሰችም፤ ምግቡን ለሰው አቀረበች፣ ከሚስቀውም ጋር አብራ ሳቀች። ማታ ላይ ልጁን ማን እንበለው ብለው ሲጠይቋት «ማስረሻ በሉልኝ» አለች።

ራቤል ስንመለስ ቤታችን ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ዘንድ ነው። እማሆይ የመነኮሱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለእኔ እንደ አያት የሆኑ አሮጊት ነበሩ። ማናለኝን እሳቸው ግቢ ታስሮ ከስቶ አገኘሁት። አባቴ አንድ ጠዋት ቁልፉንና ቡችላውን አምጥቶ «ደርሼ ልምጣ» ብሏቸው ነበር፤ የት እንደሆነ አልጠየቁትም፣ እሱም አልነገራቸውም። ቤቱን ስንከፍት የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። የእንቁጣጣሹ ልብስ ሁሉ ተሰፍቶ፣ ተጣጥፎ፣ ባለቤቶቹን እየጠበቀ አልጋው ላይ ተደርድሯል።

አጎቶቼ በትልቁ መንገድ ላይ ያሉትን መንደሮች ሁሉ ጠየቁ፤ ያየው ሰው አልተገኘም። ወራት አልፈው አንድ የበግ ነጋዴ መጣና ዓለም ከተማ ገበያ ውስጥ እሱን የመሰለ ሰው ከአንዲት ሴት ጋር አየሁ አለ። ነገሩ በዚያ አለቀ። ባዳ አይደል፣ ወገኖቹ ጋ ገባ ተባለ። አራስ ጥሎ የሄደ ተባለ። አንዱ አጎቴ ሄጄ ላምጣው ቢል እናቴ ከለከለችው። ለምኜ የማስመጣው ባል የለኝም አለች። በዚያው መኪና ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ሲሠራ እያየች የለቀመችውን ሙያ እየሞካከረች የሰው ልብስ መስፋት ጀመረች። ስሙን የምታነሣው ክር ሲበጠስባት ብቻ ነበር፤ ያኔ ትረግመዋለች። እኔ ግን ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ጥግ ዞሬ ቤታችን ከመታየቱ በፊት፣ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር።

ማናለኝ አድጎ አደጋ ፈላጊ ውሻ ወጣው። እናቴ «የዚያ ሰው ውሻ» ትለው ስለነበር እሱን የማዳን ሥራ የኔ ነው። አንድ ጊዜ አጓት ሊልስ ጭንቅላቱን ገንቦ ውስጥ ከትቶ አልወጣ አለው፤ በየግድግዳው እየተላተመ ግቢውን ሲዞር በመጥረቢያ ጀርባ ገንቦውን ሰብሬ አወጣሁት። ሌላ ጊዜ ወደ ወፍጮ ስንሄድ የሞላ ወንዝ ወሰደው። ዳር ዳሩን አብሬው እየሮጥኩ፣ ቁጥቋጦ ይዞት ቆም ሲል የነጠላዬን ጫፍ ወረወርኩለትና በጥርሱ ነክሶ ተጎተተልኝ። ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ ተብሎ ከተማው ውስጥ የተመረዘ ሥጋ የተበተነ ጊዜ ግን የኔ አቅም አልበቃም። ማናለኝ እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ እየደፈቀ መጥቶ ደጃችን ላይ ወደቀ። ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ከመኪናዋ ተነሣች። ቆማ አየችው። ከዚያ ለማስረሻ ያስቀመጠችውን ወተት ይዛ መጣች፣ ራሱን በጉልበቷ መካከል አጥብቃ ጋተችው። ሲያስመልስ ደግማ ጋተችው። ዓይኑ መለስ እስኪል ከአጠገቡ አልተነሣችም፤ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ የምትለውን ሰምቻለሁ።

«አንተ ደግሞ እንዳትሄድብኝ» ትለው ነበር።

አባቴ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። መስከረም እያለቀ፣ ገብሱ እሸት ሆኖ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ብቅ እያሉ ማሳውን ስለሚጨርሱት ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔና ማናለኝ እንጠብቃለን። ያን ቀን ጉሙ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። የዝንጀሮው መንጋ ከማሳው ጫፍ ላይ እሸት ሲለቅም ማናለኝ ከእጄ አምልጦ ተወረወረ። ጭላዳ ሲያባርሩት የሚሸሸው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ገደሉን በጣቶቹ እየያዘ ይወርዳል። ማናለኝ ጣት የለው። ሣሩ ላይ ሲሮጥ ሰማሁት፣ ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ስሙን እየጠራሁ በሆዴ ተኝቼ እስከ ዳሩ ተሳብኩ። ከነጭ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ብዙ ጠራሁት። ቆይቶ ከሩቅ ሳይሆን ልክ ከሥሬ አንድ ድምፅ መጣ። የውሻ ድምፅ ነው፤ ግን ድንጋዩ እየተቀባበለ ሲያመጣው ውሻ አይመስልም። ረዘም ብሎ ይነሣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ድረሱልኝ የሚል ሰው ይመስላል። ማናለኝ እንደሆነ አውቄ እንኳ፣ ለአንድ አፍታ አቤት እንዳትይ ያሉኝ ትዝ ብሎኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሮጬ እናቴን ጠራሁ። ማስረሻን እንዳዘለች መጣች። እማሆይ ወለተ በትራቸውን ይዘው ተከተሏት፣ ጋሽ ደምሴም ከማዶ ቤቱ መጣ። ጋሽ ደምሴ ለቤት ክዳን የሚሆን ጓሳ ከየገደሉ አፋፍ በገመድ ወርዶ የሚያጭድ ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው። ሁሉም ከዳሩ ራቅ ብለው ቆመው አደመጡ። ጋሽ ደምሴ በዚህ ጉም መውረድ እንደማይቻል፣ ሲነጋ እንደሚታይ ተናገረ። ነገሩን ሲናገር ግን ወደ ገደሉ አላየም።

እማሆይ አማተቡና ራሴን ዳሰሱኝ።

«ውሻውስ ሞቷል ልጄ» አሉኝ። «ይህ የምትሰሚው እሱ አይደለም። አትጥሪው፣ ይለምድሻል።»

የኔ ውሻ ነው ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው እኔን ትተው እናቴን ሊያጽናኑ ፈልገው ወደ እሷ ዞሩ።

«እናንተ ቀየት ሳላችሁም እንዲሁ አስጨንቆን ነበር፣ በዚያ ትልቅ ጉም ጊዜ» አሉ። «ያኔ የሰው ድምፅ ይዞ ነው የመጣው፣ የወንድ። ቀንም ሌትም ይጣራ ነበር። ስማችንን ሁሉ ያውቃል። እማሆይ፣ እማሆይ እያለ ሲለምነኝ በሬን ዘግቼ ዳዊቴን ስደግም ሰነበትኩ። ኋላ ደክሞት ተወን።»

እናቴ ማስረሻን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ። መቼ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። እማሆይ አሰቡ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው አሉ።

«ስዩም ቁልፉን ካስቀመጠ በኋላ ነው?»

«በማግሥቱ» አሉ እማሆይ። ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሣሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴ አቀርቅሮ ቀረ። ማናለኝ ከታች ደግሞ ጮኸ።

እንዴት እንደነጋ አላውቅም። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ወደ ቆላው ሲወርድ ጋሽ ደምሴ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ደጃችን ቆሞ አገኘነው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ እወርዳለሁ አለ። እናቴ እርስዎን የሚያህል ሰው ማን ይይዛል፣ እኔ ቀላል ነኝ፣ እርስዎ ይያዙኝ አለችው። እሱም ስሟን አቆላምጦ፣ «ወርቄ፣ እዚያ ያለውን አንቺ ባታዪው ይሻላል» አላት።

«ውሻ ነው የማወጣው» አለች እናቴ።

ከዳሩ አጠገብ ካለው የጽድ ዛፍ ላይ ገመዱን አዙሮ ጫፉን ወገቧ ላይ ሲቋጥር እናቴ ወደ ፊቱ ሳታይ እርስዎም ሰምተው ነበር ወይ አለችው። ሰምቻለሁ አለ። ምን ይል ነበር አለችው። ጋሽ ደምሴ ቋጠሮውን ጨርሶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ቋጠረ።

«ደምሴ ገመድ፣ ይል ነበር» አለ። «ደምሴ፣ ገመድ አምጣ።»

እናቴ ቋጠሮውን በእጇ ሳብ አድርጋ መጥበቁን አየችና ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ወረደች።

እኔ ማስረሻን አቅፌ ከኋላ ቆሜያለሁ። ጭላዳዎቹ ከወዲያ ወገን ተቀምጠው ሣር እየነጩ ያዩናል። ገመዱ በጋሽ ደምሴ እጅ ውስጥ እያለፈ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ፤ ክብደቱም ለቀቀ። የማናለኝ ጩኸት ወደ ማልቀስ ተለወጠ፣ ቀጥሎም ፀጥ አለ። ጠበቅን። ጋሽ ደምሴ ስሟን ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። እኔም መታገሥ አቅቶኝ እማዬ ብዬ ጮህኩ። ብዙ ቆይታ፣ ከሥራችን፣ የማላውቀው በመሰለኝ ድምፅ «ስቡኝ» አለች።

መጀመሪያ የታየኝ እጆቿ ናቸው። ቀጥሎ ራሷ፣ ከራሷ ኋላ ደግሞ በነጠላዋ እንደ ሕፃን የታዘለው ማናለኝ። የፊት እግሩ ተሰብሮ ይወዛወዛል፤ አንገቷን ይልሳታል። ፈታ ሰጠችኝ። ሙቀቱ እቅፌ ውስጥ ሲገባ፣ ልቡ ከልቤ ጋር ሲመታ፣ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ተደሰትኩ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ ቆሞ አልነበረም። ሣሩ ላይ ተቀምጦ እናቴ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ስልቻ ያያል። ያወቀው ይመስለኛል። አባቴ መንገድ ሲሄድ የማይለየው ስልቻ ነው።

«ሰው ይጥሩልኝ» አለችው እናቴ። «ቃሬዛ ይዘው ይምጡ።»

«ለማን?» አለ፣ እያወቀ።

«ለልጆቼ አባት።»

እዚያ ታች ያየችውን በአንድ ጊዜ ነግራኝ አታውቅም። ለዓመታት፣ ስትሰፋ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ነው የሰማሁት። ከአፋፉ በታች ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ በረንዳ ያለ ቦታ አለ፤ ከላይ አይታይም። ማናለኝ ያረፈው እዚያ ሣር ላይ ነው። አባቴ ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ ካፖርቱን ለብሶ ድንጋዩን ተደግፎ ተቀምጧል። በጉም ውስጥ ትልቁን መንገድ ትቶ አቋራጩን ይዞ ነበር፤ ወደ እኛ፣ ወደ ቀየት። እግሩ ተሰብሮ ስለነበር በዘንጉ ደግፎ፣ ልብስ በሚለካበት ሜትር ጠቅልሎ አስሮታል። ስልቻውን ጎኑ ላይ አስቀምጦ አፉን ቋጥሮታል። በውስጡ የክርስትናው ልብስ ነበር። ነጩ ቢጫ ሆኖ፣ አንድ ጥጉን አይጥ በልቶት፤ ደረቱ ላይ ግን በሰማያዊ ክር የተጠለፈችው መስቀል አልደበዘዘችም። ማናለኝ ምን ያደርግ ነበር ብዬ ስጠይቃት አንድ ጊዜ ከእግሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሩቅ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር አለች። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ለቀብሩ ራቤል በሙሉ ወጣ። እንደዚያ ያለ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ዓይቼ አላውቅም። አስለቃሿ ጀምራ አቋረጠች። እናቴን ፊት ለፊት የሚያያት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሲያጽናናት መሬት መሬት ያያል። እሷ ደግሞ ማንንም አልወቀሰችም። ሁለት ዓመት ሙሉ የረገመችው ሰው ቢጣራ ከአልጋዋ በሚሰማ ቦታ ተቀምጦ እንደነበር እያሰበች ለሌላ ሰው ቂም የሚሆን ቦታ አልቀራትም መሰለኝ።

እኔም የማልናገረው ነገር ነበረኝ። ማናለኝን ለተወሰነ ጊዜ ማየት ጠላሁ። እሱ ባይወድቅ አባቴ ዓለም ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ከሌላ ሴት ጋር ይሁን፣ ሌሎች ልጆች ይኑሩት፣ ግን ይኖር ነበር፣ አንድ ቀን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው ነበር። ያን በሩ ላይ የቆመ ሰው የወሰደብኝ ውሻዬ ነው። ማናለኝ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ እያነከሰ ይመጣና ከአጠገቤ ይተኛል። እገፋዋለሁ። ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ሳልገፋው ቀረሁ፤ ራሱን እግሬ ላይ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ፣ እኔም አቅፌው ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ አለቀስኩ።

እማሆይ ወለተ ከቀብሩ በኋላ በየጠዋቱ እየመጡ ደፋችን ላይ ይቀመጡ ነበር። አይናገሩም፣ ምግብ አይቀምሱም። እናቴ በርጩማ ታወጣላቸዋለች፣ ከዚያ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። አንድ ቀን እማሆይ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ስሜን ሲጠራኝ አውቄው ነበር መሰለኝ» አሉ። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ፈርተው ነው፣ እማሆይ» አለች እናቴ። ከዚያ ፔዳሉን ረግጣ መስፋቷን ቀጠለች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ራቤል ውስጥ ማንም ያላዘዘው አንድ ልማድ ተጀመረ። ጉም ሲወጣ ጋሽ ደምሴ ገመዱን ይዞ ገደሉ ዳር ይሄድና በሙሉ ድምፁ «ሰው አለ?» እያለ ይጣራል። ቆይተው ሌሎቹም ወንዶች በየበኩላቸው መጣራት ጀመሩ። እኛ ልጆች ጨዋታችንን አቁመን እናደምጣለን። ገደሉ የሚመልሰው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነበር። «አለ» ይላል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ «አለ»። የገደል ማሚቶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጋሽ ደምሴ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ አያውቅም፤ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ወደ ታች አድርጎ ብዙ ይቆያል።

ማናለኝ እያነከሰ ብዙ ኖረ። ጉም ባለ ቀን ጆሮውን አቁሞ ወደ ገደሉ ያይና ከቤት አይወጣም ነበር። ያረፈው አርጅቶ፣ በበጋ ፀሐይ፣ በሰላም ነው። እናቴ አቡጀዲ ቆርጣ በመኪናዋ ዙሪያውን ሰፋችለትና ከማሳው ጥግ ቀበርነው። ለውሻ ይህ ሁሉ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጮክ ብለው ግን አላሉትም።

ዛሬ ራቤል ተለውጣለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ ኮረብታው ላይ የስልክ ማማ ቆሟል፣ ወጣቶች ገደሉ ዳር ጀርባቸውን ለጉሙ ሰጥተው ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶዎቹ እዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ በስልኬ ሲደርሱኝ ቶሎ አልፋቸዋለሁ። እማሆይም ጋሽ ደምሴም አፈር ሆነዋል። ጉም ሲወጣ የሚጣራ ሰው የለም፤ የአሁኖቹ ልጆች ገደሉ ይጣራል ሲባል ይስቃሉ። መሳቃቸው ደስ ይለኛል። እንዲያም ሆኖ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ይናፍቀኛል፤ አንድ ሰው እዚያ ዳር ቆሞ ማንንም ሳይለይ የሚጣራበት አገር ውስጥ ማደጌን የማስበው አሁን ነው።

እናቴ ከዚያ ቤት አልወጣ ብላለች። ማስረሻ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሲዘገይባት በስልክ ትደውልለታለች። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የሌለበት ቁልቁለት ስላለ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ያችን ድምፅ ናት፣ የሚፈልጉትን ሰው ማግኘት አይቻልም የምትለዋን። ባለፈው ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማኋት። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። «ስታገኚው እናትህ ትጠብቅሃለች በይልኝ።»

የተቀረጸ ድምፅ ነው እማዬ፣ ሰው አይደለም አልኳት።

«ቢሆንስ» አለችኝ። «እያናገረችኝ ዝም ልበላት?»